ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት፦ ለዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች፣ እንዲሁም በባሕር ማዶ ለምትገኙ የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና የዕቃ ቤት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚፈታተናቸው አባሎቻችን ዕድር በሕይወት ሳሉ እንዲደርስላቸው ስለመጠየቅ

ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ 214 አባላት ያሉት የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡን ስይዝ 11 ዓመት ሆኖኛል። ወርሃዊ መዋጮ የከፈለውንና ያልከፈለውን እለያለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ ወጪ የሚሆንበትን ቅጽ እሞላለሁ። በዚያ ቅጽ ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል ጠባብ ሣጥን አለ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ በዚያ ሣጥን «በድንገተኛ ሕመም» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ ውሸት መሆኑን እኔም፣ ዳኛውም፣ ቅጹን የፈረመው የሟች ቤተሰብም እናውቅ ነበር። አራተኛው ስም የእኔ ሊሆን ምን ያህል ተቃርቦ እንደነበር ግን ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስሜንና የሰፈሬን ስም የተውሁት ልጆቼ ገና ትምህርት ቤት ስለሆኑ ነው፤ ልጆች በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ምን እንደሚባባሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለ ሦስቱ ብዙ አልጽፍም፤ የቤተሰቦቻቸው ቁስል አልደረቀምና። አንዱን ቀን ግን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛው የዕድሩ ነው። ሟች የአንዲት ባል የሞተባት አባላችን ልጅ ነበር። ጥሩንባ ከመነፋቱ በፊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አምስት ሆነን በዳኛው ሳሎን ተሰብስበን «እንዲህ ላለ ሞት ዕድር ይከፍላል ወይስ አይከፍልም?» ብለን አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። መተዳደሪያ ደንባችን ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አይልም። በመጨረሻ ከፈልን፤ ድንኳኑም ተተከለ፤ ንፍሮውም ተቀቀለ። ነገር ግን ክርክሩ ገንዘቡን ቀድሞ እናትየው ጆሮ ደረሰ። በሠልስቱ ቀን ላጽናናት አጠገቧ ስቀመጥ ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰው በአግዳሚው ላይ ተደርድሮ «ምን ነክቶት ነው?» እያለ ይንሾካሾካል፤ ጥያቄው ለማንም እንዲደርስ ታስቦ የሚጠየቅ አይደለም፤ ወሬ ነው። ያን ጥያቄ ከሦስት ሳምንት በፊት ለልጁ ለራሱ ያቀረበለት ሰው ቢኖር ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ ተራው የእኔ ሆነ። ምክንያቱን አልዘረዝርም፤ ብዘረዝረው አንባቢ «ለዚህ ብሎ ነው?» ማለቱ አይቀርም። የታላቅ ወንድሜ ሞት ነበረበት፣ ዕዳ ነበረበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለወራት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ነበረበት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣራ እያየ የሚያነጋ ሰው ሐሳቡ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ያልደረሰበት አያውቀውም። መጀመሪያ «ባልነጋ» የሚል ምኞት ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ምኞቱ ሐሳብ ሆነ፤ ሐሳቡም ከእኔ ጋር የሚያድር፣ ከእኔ ጋር የሚነሣ፣ ለቤተሰቤ ሸክም መሆኔን እየደጋገመ የሚነግረኝ ነገር ሆነ። ቤት ውስጥ እበላለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ መዋጮ እሰበስባለሁ፤ ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እናንተም ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። መሞት የፈለገው ሰው እኔ ነበርሁ፤ መኖር የፈለገውም እኔው ነበርሁ። በአንድ ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሁለት ልብ እሆን ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት «በቃ» ብዬ ወስኜ ከቤት ወጣሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ግን በሰፈራችን ጫማ ሰፊ ፊት ቆሜ የጫማዬ ሶል እንዲቀየር እከራከራለሁ። እሱ 180 ብር አለኝ፣ እኔ 150 አልሁ፤ በ160 ተስማማንና «ማክሰኞ ከሰዓት ና» አለኝ። «እሺ፣ ማክሰኞ» አልሁት። ጥቂት እርምጃ ከሄድሁ በኋላ ነው የተናገርሁት የገባኝ። ሊሞት የወሰነ ሰው በ20 ብር ምን ያከራክረዋል? ማክሰኞንስ ምን ብሎ ይቀጥራል? እያታለልሁ አልነበረም። ጠዋት የወሰንሁትም እውነት ነበር፣ ለጫማ ሰፊው የሰጠሁት ቀጠሮም እውነት ነበር። ማክሰኞ ሄጄ ጫማዬን ወሰድሁ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዊን ሽናይድማን ዕድሜውን ሙሉ ይህን ጉዳይ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፤ ራሳቸውን ለማጥፋት በሚያስቡ ሰዎች ዘንድ የጋራ ሆኖ የሚገኘው የውስጥ ስሜት ይህ ሁለት ልብ መሆን እንደሆነ ጽፏል። እኛ ሰፈር ግን ሁለት አባባሎች አሉ፤ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው «ቆርጦ የተነሣን ሰው ማን ይመልሰዋል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የሚያወራ አያደርገውም» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛ ልብ መኖሩን ይክዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያ ልብ ድረሱልኝ እያለ ሲጣራ ጆሮውን ይደፍናል። ሞክረው ከተረፉት ሰዎች ውስጥ ከ10ሩ 9ኙ ያህል ኋላም ቢሆን ራሳቸውን በማጥፋት እንደማይሞቱ ብዙ አገሮች ውስጥ ለዓመታት የተደረገ ክትትል አሳይቷል። ስለዚህ መመለስ ይቻላል፤ የሚናገረውም ሰው የሚናገረው እንዲመልሱት ነው።

እኔም ተናግሬ ነበር፤ አነጋገሬ ግን እንደ ልቤ ሁለት ነበር። ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ስንጠጣ «ኧረ እኔስ ደክሞኛል፣ ባርፍ ይሻለኛል» አልሁት። ሳቀና «ማን ያልደከመው አለ ብለህ ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ እኔም እየሳቅሁ ነበር የነገርሁት። ቀጥሎ ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። እሳቸውም ደንግጠው ይህ የሰይጣን ፈተና እንደሆነ፣ ነፍስን ማጥፋት ይቅርታ የሌለው ኃጢአት እንደሆነ፣ ጸበል ብጠመቅ እንደሚተወኝ መከሩኝ። በእምነቴ አላፍርም፣ ጸበሉም ልቤን ያሳርፈው ነበር፤ ነገር ግን ያን ቀን ከቤታቸው ስወጣ በሸክሜ ላይ አንድ ተጨማሪ ሸክም ይዤ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሐሳቡ ራሱ ኮነነኝ። ሦስተኛ ወደ አንድ ሕክምና ተቋም ሄድሁ። በካርድ ክፍሉ መስኮት ወጣቱ ሠራተኛ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ብሎ ጮክ አድርጎ ጠየቀኝ። ከኋላዬ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል፤ አንዷን ከሰፈር አውቃታለሁ። «ጨጓራዬን» አልሁት። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘልኝና ተመለስሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ በሽታውን ለማውጣት አፉን የከፈተ ሰው ግን ምን እንደሚጠብቀው ተረቱ አይናገርም።

እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ነገር ላስታውስ፤ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናችሁና። ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በሄደ ጊዜ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአኩ ዳሰሰው፤ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ከራስጌው አስቀመጠለት፤ በልቶ ጠጥቶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ያን ሰሞን አባቶች ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ። ለሙስሊም ወንድሞቼም ከራሳቸው መጽሐፍ የሚያወጡት ተመሳሳይ ነገር እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ እኔ ግን የማውቀውን ብቻ መናገር ይሻለኛል።

ለእኔ እንጎቻውን ያመጡልኝ የዕቃ ቤት ኃላፊያችን ናቸው። ሁላችን እትዬ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባን የተጠጋ፣ ትምህርታቸው ከመሠረተ ትምህርት ያላለፈ እናት ናቸው። በኅዳር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ የዕቃ ቤቱን ሁለተኛ ቁልፍና በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የገለበጥሁትን የንብረት ዝርዝር ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድሁ፦ ድንኳን 3፣ አግዳሚ 40፣ ብረት ድስት 6፣ ሳሕን 200፣ የተሰነጠቀ ጀበና 1። «እትዬ፣ ይህ እርስዎ ጋ ይሁን» አልኋቸው። ቁልፉን አልተቀበሉኝም። ሲኒ እያጠቡ ነበር፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁና ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

«የት ልትሄድ ነው?»

«የትም።»

«ታዲያ ቁልፉን ምን ያስመልስሃል? ጸሐፊነቱን ተውህ?»

«አልተውሁም።»

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡም ሳይቀንሱም፣ ሳሕን ስንት ጎደለ ብለው እንደሚጠይቁት ዓይነት፣ «ልጄ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል እንዴ?» አሉኝ።

ያን ቃል በዚያ ግልጽነት ሲጠራ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «አዎ» አልሁ፤ ቀጥዬም «አላውቅም» አልሁ። ሁለቱም መልሶቼ እውነት ነበሩ። አልጮኹም፣ አላማተቡም፣ «ልጆችህን አታስብም እንዴ?» አላሉኝም። ይህን የመጨረሻውን አደራ አስተውሉልኝ፤ ልጆቼን ከማሰብ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ሕመሙ ራሱ ያለ እኔ ይሻላቸዋል እያለ ያታልለኝ ነበር። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና «መቼ መቼ ነው የሚብስብህ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሌሊት» አልሁ። «ዛሬ ሌሊትስ?» አሉ። ይህን ሲጠይቁኝ ነው ያለቀስሁት። ሽሮ አቀረቡልኝ፣ በላሁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የቀመስሁት ምግብ ነበር። ለባለቤቴ አብረን እንድንነግራት አስማሙኝ፤ ነገርናትም። ቤት ውስጥ ሊጎዳኝ የሚችል ነገር ሁሉ በዚያው ምሽት ከእጄ ራቀ። ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት መጥተው በሬን አንኳኩ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የታክሲ ሳንቲም በመሐረብ ቋጥረው፤ ወደ ሆስፒታል አብረን ሄድን። ካርድ ክፍል ሲደርሱ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ነው» አሉ፤ እኔ መናገር አላስፈለገኝም። አራት ሰዓት ያህል አግዳሚ ላይ ጠበቁኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ተአምር የሚነገር አይደለም። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ፈጀ፤ የመጀመሪያው አልተስማማኝምና ተቀየረ። ከሐኪሟ ጋር መነጋገሩ ከመድኃኒቱ እኩል ጠቀመኝ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ቀርቼ እትዬ ጎትተው ወስደውኛል። ሐሳቡም ፈጽሞ አልተሰናበተኝም፤ ዓመት በዓል ሲቃረብና ክረምት ሲከብድ ብቅ ይላል። ልዩነቱ አሁን ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ለማን እንደምደውልም አውቃለሁ። ያን ዓመት እትዬ ቤቴን የረገጡበትን ቀን አልቆጠርሁም፤ አንዳንዴ በር ላይ ቆመው «አለህ?» ብለው ብቻ ይሄዱ ነበር።

ያ «አለህ?» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው የተረዳሁት ቆይቼ ሳነብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና በሚገኙ ሆስፒታሎች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ 1,867 ሰዎችን አስጠንቶ ነበር፤ ውጤቱም በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሽ ያህሉ የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ በተጨማሪ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሁኔታቸው ገለጻ ተደረገላቸውና በ18 ወራት ውስጥ 9 ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠየቁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 2.2 በመቶ፣ ከተጠየቁት ግን 0.2 በመቶ ሆነው ተገኙ። ዘጠኝ ጊዜ ጥየቃ! እኛ እኮ ለቅሶ ቤት በሦስት ቀን ውስጥ ከዚያ በላይ እንመላለሳለን።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እሱም ከአፍሪካችን ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታካሚያቸው የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ሳትመጣ ቀርታ ራሷን እንዳጠፋች ከሰሙ በኋላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ላይ አስቀመጡ። የሚጨነቅ ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ያዳምጡታል፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። እዚያ አገር ሰዎች ሕመሙን የሚጠሩት «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ነው፤ ትርጉሙ ብዙ ማሰብ ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ ገባው፣ ሐሳብ በዛበት» ስንል ያንኑ ማለታችን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በአግዳሚው ላይ የተቀመጡት ታካሚዎች ከ6 ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ በእጅጉ እንደቀለላቸው አረጋግጧል። በእኛ ዕቃ ቤት 40 አግዳሚዎች ተደራርበው ሞት ይጠብቃሉ።

«ዕድር የቀብር ማኅበር ነው፣ ይህ የሐኪም ሥራ ነው» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ በእኛም ዕድር ተብሏል። የሐኪሙን ሥራ ሥሩ አልልም። ነገር ግን ከኤች አይ ቪ ዘመን የቀረን ትምህርት አለ። ያኔ ከየሰፈሩ በየቀኑ ጥሩንባ ሲነፋ፣ መዋጮው ለቀብር ብቻ ማለቁን ያዩ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ላሉ ሕሙማን መድረስ ጀመሩ፤ ቤት ለቤት ሄደው አጠቡ፣ አበሉ፣ ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተር ገዙ። ያንንም ሰው በዚያን ጊዜ «ኃጢአት ነው፣ አሳፋሪ ነው፣ ስሙን አታንሡ» ይል ነበር። አሁንስ? በዓለም ዙሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ700 ሺህ የሚበልጥ ሰው ራሱን በማጥፋት ሞቷል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች መካከል ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው፤ ከሟቾቹ ከ10ሩ 7ቱ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የአገራችን ቁጥር ደግሞ እንደኔ ባሉ ጸሐፊዎች ጠባብ ሣጥን ውስጥ «በድንገተኛ ሕመም» ተብሎ ተቀብሯል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በየዕድራችሁ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ አፋቸው የታመነ፣ ምርጡ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ባለሙያ አነጋግራችሁ ጥቂት ሥልጠና እንዲሰጣቸው ጠይቁላቸው። ሥራቸው አባላትን ማዳመጥና፣ ካስፈለገም እስከ ሐኪም በር አብሮ መሄድ ብቻ ይሁን። መዝገብ አይያዙ፤ ስም በጉባኤ አይነሣ። ከሁሉ በላይ በቀጥታ መጠየቅን ይልመዱ። «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብላችሁ አትፍሩ፤ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ፣ ይልቁንም ለተጨነቀው ሰው እፎይታ እንደሚሰጥ ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ፤ እኔም ምስክር ነኝ። አዎ ያላችሁ ሰው ካለ ለዚያ ሌሊት ብቻውን አትተዉት፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ አደጋው የቀረበ ከመሰላችሁ ሳይነጋ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሽምግልና፣ ምክርና ግሣጼ ኋላ ይደርሳል።

ብዙ ቤተሰብ ፖሊስ ይመጣብናል ብሎ ስለሚፈራም አንድ ነገር ላክል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣውን ወይም የረዳውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አይደለም። ሰዉን ሐኪም ቤት መውሰድ ወንጀል ማጋለጥ አይደለም።

ሌላው ደንባችሁን የሚመለከት ነው። በዚህ መንገድ ለሞተ አባል ክፍያው፣ ድንኳኑም፣ ጥሩንባውም እንደማንኛውም ሞት መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ ማንም ዕድር እንደኛ በሌሊት ተሰብስቦ በአንዲት እናት ኀዘን ላይ እንዳይከራከር። ፍትሐትን የሚመለከተውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ የታመመን ሰው ከጤነኛ ለይተው እንዲያዩ ግን በትሕትና እጠይቃለሁ። በአግዳሚ ላይ የሚደረገውን «እንዴት አድርጎ ነው?» የሚል ጥያቄም ዳኞች ብታስቆሙት ትልቅ ነገር ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ በምን ሐሳብ ላይ እንዳለ ጠያቂው አያውቅም። እኔ በሁለት ለቅሶ ላይ ያ ሰው ሆኜ ተቀምጫለሁ።

በባሕር ማዶ ያላችሁ ዕድሮችና ማኅበሮች ከኛ የሚቀላችሁ ነገር አለ። በአሜሪካ 988 ላይ ሲደወል ሌት ተቀን ሰው ይገኛል፤ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ይህን ቁጥር ከመዋጮ ማስታወቂያችሁ ሥር ብትጽፉት ወጪ የለውም። ብዙ ጊዜ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ስታሰባስቡ አያለሁ፤ በእውነት የምታደርጉት ያስመሰግናል፤ ያን ያህል ገንዘብ በሁለት ቀን የሚያሰባስብ ማኅበር ለአንድ ብቸኛ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደውል ሰው አያጣም።

በመካከላችሁ ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ብሎ ሳይሆን ለራሱ የሚያነብ እንዳለ አልጠፋኝም። ዳኛ ልትሆን ትችላለህ፤ የወጥ ቤት ኃላፊም ልትሆኚ ትችያለሽ። የምትመልሱት ቁልፍ ካለ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ምክንያቱን ንገሩት። አሳምሮ መናገር አያስፈልግም፤ «አዎ፤ አላውቅም» ብሎ መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው ሰው ከሳቀባችሁ፣ ሁለተኛው ከገሠጻችሁ፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ከጮኸባችሁ ወደ አራተኛው ሂዱ። አራተኛው ሰው ሲኒ እያጠበ ሊሆን ይችላል።

ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴፕቴምበር 10 ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጳጉሜን 5 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሚሆንባቸው ዓመታት ሁሉም ሰው ለዶሮና ለቅቤ ሲሯሯጥ ይውላል፤ ስለዚህ ማንም አያስታውሰውም። ለብቸኛና ለተጨነቀ ሰው ደግሞ ከዓመት በዓል ዋዜማ የሚከብድ ቀን የለም። የእኛ ዕድር ዘንድሮ በዚያ ቀን ስብሰባ አይጠራም፤ የሚደረገው ሌላ ነው፤ እኔና እትዬ ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ በዓመቱ ሰው የሞተባቸውንና ከመዋጮ ድንገት የቀሩትን የ19 አባላት በር እናንኳኳለን። ጠቅላላ ጉባኤያችን የሚደረገው በመስከረም ሁለተኛ እሑድ ነው። ከላይ የጠየቅኋችሁን የደንብ ማሻሻያ በአጀንዳ ተራ ቁጥር 4 አስይዤዋለሁ፤ ከዕቃ ግዢ ሪፖርት ቀጥሎ ማለት ነው። ዳኛችን ተቃውመውኛል፤ ድምፅ ግን ይሰጥበታል። የእናንተ ጉባኤ ቀን ካልደረሰ፣ አጀንዳ ማስያዣው ጊዜ ገና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ዕድር ጸሐፊ